እልፍኝ ምንድን ነው?

እንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለውን የአፄ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል። «ቤተ መንግሥት የሚባለው ይሄ ነው?» ይላል። አይፈረድበትም። የጠበቀው ሰፊ ደረጃና የድንጋይ ዓምድ ነው። በዚያው ዘመን አውሮፓውያን በያዟቸው አገሮች ለገዢዎቻቸው የሚያሠሩት ቤት እንደዚያ ነበር፤ ሁሉን ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር የከተተ፣ ከሩቅ የሚታይ። የእኛው ግን አንድ ቤት ሳይሆን ግቢ ነው። ለየሥራው የየራሱ ቤት አለው። እልፍኝ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ባለቤቱ የሚያድርበት፣ የቅርብ ሰው የሚያነጋግርበት የግል ቤት።

አዳራሹ የዚህ ተቃራኒ ነው። ግብር የሚበላው እዚያ ነው። መጀመሪያ ንጉሡና ትልልቆቹ መኳንንት በመጋረጃ ተከልለው ይበላሉ። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና ሠራዊቱ በየተራው ይገባል። እልፍኝ እንዲህ አይገባበትም። ማን ይግባ፣ ማን ይቆይ የሚል ሹም ነበረው፤ ማዕረጉም እልፍኝ አስከልካይ ይባላል። ተራ በረኛ እንዳይመስላችሁ። ጉዳዩን ንጉሥ ጆሮ ማድረስ የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚለማመጠው እሱን ነው። ደጅ ጥናት የሚባለው ነገር ደጁ የት እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ እንግዲህ እዚህ ይምጣ።

የእንጦጦው አሠራር ቀረብ ብለው ሲያዩት ደስ ይላል። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ላዩ በኖራ ነጥቷል። ክዳኑ ሣር ነው፤ የሚሸከመው እንጨት ደግሞ ጽድ። ጽድ በቀላሉ ምስጥ አይደፍረውም። ግድግዳው የወፈረው፣ መስኮቱም ያነሰው ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ የወጣ ሰው ብርዱን ያውቀዋል።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። እቴጌ ጣይቱ ግን ከዚያ በፊት፣ በ1879 ገደማ፣ ታች ፍል ውሃ አካባቢ ቤት አሠርተው ነበር። ከተማውም ተከትሏቸው ወረደ። ብርድና ንፋሱ ብቻ አይደለም፤ ተራራው ላይ ማገዶም እያለቀ ነበር። ዛሬ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የመኳንንቱ ቤት መልኩን ቀየረ። የህንድና የአርመን ባለሙያዎች እጃቸውን አስገቡበት። ፎቅ፣ የተጠረበ የእንጨት በረንዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን መጣ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት፣ የአሁኑ የአዲስ አበባ ሙዚየም፣ ጥሩ ማሳያ ነው። በረንዳው እውነትም ያምራል። ቆርቆሮውን ግን ሐምሌ ላይ ከሥሩ የተኛ ይንገራችሁ።

የሚገርመው፣ ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ ሲገባ እንደራሴው የተቀመጠው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት በገነተ ልዑል ነው፤ በዛሬው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ። የቅኝ ገዢ ቤት ሠርቶ እስኪጨርስ አልጠበቀም፤ የተሠራ ቤት አግኝቶ ገባበት።

እንጦጦ የምትወጡ ከሆነ አዳራሹን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። አብዛኛው ጎብኚ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው፤ እልፍኙን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ጃኬት ያዙ።