ከጉበት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ፕሮቲኖች የሚናገሩት

ጎንደር ላይ ጉበት ሲታመም ቶሎ የሚነሳው ስም «የወፍ በሽታ» ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁር፣ «የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» ይባላል። ቅጠል የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ሳምንታት ያልፋሉ። አንዳንዱ ሆስፒታል የሚደርሰው ሆዱ ውኃ ከቋጠረ፣ ከቀኝ ጎድኑ ሥር ጠጣር ነገር በእጅ መዳሰስ ከጀመረ በኋላ ነው። ዕጢው ገና ትንሽ ሆኖ የተገኘለት፣ የቀረው ጉበቱም ቀዶውን የሚችልለት ሰው ዕድለኛ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይመለስበት ይሆን?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ሐኪሞች ከሚያዩአቸው ነገሮች አንዱ ፕሮቲን ነው። አንዳንዱ ከደም ይለካል። አንዳንዱ ተቆርጦ በወጣው ዕጢ ላይ በቀለም ይታያል። ጠቋሚ ፕሮቲኖች ይባላሉ። እዚህ የምናወራው ከጉበት ከራሱ ሕዋስ ስለሚነሳው ካንሰር ነው። ከአንጀት ወይም ከጡት ተነስቶ ጉበት ላይ ያረፈ ካንሰር በሽታውም ሌላ፣ ጠቋሚውም ሌላ ነው።

መጀመሪያ ግን ለምን ይመለሳል? ጉበት ተቆርጦ መልሶ የሚያድግ አካል ነው። ጤነኛ ከሆነ 30 ከመቶ ያህሉ ቢቀር እንኳ በወራት ውስጥ አብዛኛውን መጠኑን ይመልሳል። በቫይረስ ወይም በአልኮል ጠባሳ የበዛበት ጉበት ግን ቢያንስ 40 ከመቶው ሊተርፍለት ይገባል። ካንሰሩ በ5 ዓመት ውስጥ እስከ 70 ከመቶ በሚሆኑት ታካሚዎች ላይ ይመለሳል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ እኔንም መጀመሪያ ሳነበው አስደንግጦኛል። አመላለሱ ግን ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት የሚመጣው በአብዛኛው የድሮው ዕጢ ዘር ነው፤ ከቀዶው በፊት በጥቃቅን የደም ሥሮች ሾልኮ የተበተነ። ከ2 ዓመት በኋላ የሚመጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ ዕጢ ነው፤ የቀረው ጉበት ራሱ የታመመ ነውና። ስለ መጀመሪያው የሚነግሩን ዕጢው የሚሠራቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ስለ ሁለተኛው የሚነግረን የቀረው ጉበት የሚሠራው ነው።

ከሁሉም የታወቀው አልፋ ፌቶፕሮቲን ነው። የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ «ኤ ኤፍ ፒ» ተብሎ ይመጣል። የፅንስ ፕሮቲን ነው። ልጅ በማሕፀን ሳለ ጉበቱ በብዛት ያመርተዋል። ከተወለደ በኋላ ምርቱ እየቆመ ይሄዳል። በጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ10 ናኖግራም በሚሊ ሊትር አይበልጥም። የጉበት ሕዋስ ካንሰር ሲሆን ግን ይህን የማሕፀን ሥራውን እንደገና ሊጀምር ይችላል። ጋሪ አቤሌቭ የተባለው የሶቪየት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 የጉበት ዕጢ ባለባቸው አይጦች ደም ውስጥ አየው። በዓመቱ ዩሪ ታታሪኖቭ በሰው ደም ውስጥ አገኘው። ከ60 ዓመት በኋላም ሐኪም ስለ ጉበት ዕጢ ሲጠራጠር ከሚያዛቸው የደም ምርመራዎች ግንባር ቀደሙ ይኸው ነው።

ከቀዶው በፊት ኤ ኤፍ ፒ ከ400 በላይ የሆነበት ሰው ካንሰሩ ቶሎ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ለእኔ ከዚህም በላይ ትርጉም ያለው ከቀዶው በኋላ ያለው አወራረድ ነው። በደም ውስጥ ያለው ኤ ኤፍ ፒ በ5 ወይም በ6 ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። እስኪ እናስላው። በቀዶው ቀን 800 ነበር እንበል፤ ግማሹ የሚያልቀውም በየ5 ቀኑ ይሁን። በ5ኛው ቀን 400፣ በ10ኛው 200፣ በ15ኛው 100፣ በ20ኛው 50፣ በ25ኛው 25፣ በወሩ 12 ገደማ። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ቁጥሩ እንዲህ ይወርዳል። በወሩ 200 ላይ ቆሞ ከተገኘ የሚያመርተው ነገር የሆነ ቦታ ቀርቷል ተብሎ ይጠረጠራል። ወርዶ ወርዶ ከወራት በኋላ እንደገና ወደ ላይ ካለም ሐኪሙ ሲቲ ስካን ያዛል። ስለዚህ አንድ ወረቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም። የሚናገረው በቀን በቀኑ የተደረደረው ነው። የድሮውን ውጤት «አሮጌ ነው» ብሎ መጣል ግማሹን መረጃ መጣል ነው።

ኤ ኤፍ ፒ ጉድለት አለው። ከጉበት ካንሰሮች ሲሶ ገደማው ጨርሶ አያመርተውም። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ከፍ ይላል። ሄፓታይተስ ሲያገረሽም፣ የተቆረጠ ጉበት መልሶ ሲያድግም ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ረዳቶች ተፈለጉለት።

አንደኛው ረዳት የተገኘበት መንገድ ይገርመኛል። ካንሰር የሆነ ሕዋስ የሚያመርተው ኤ ኤፍ ፒ ላይ ፉኮስ የተባለ ስኳር ይለጠፋል። ምስር ውስጥ ደግሞ ይህን ስኳር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን አለ። አዎ፣ ወጥ የምንሠራበት ምስር። ተመራማሪዎች የምስሩን ፕሮቲን አውጥተው ከታካሚው ኤ ኤፍ ፒ ጋር አገናኙት። ከምስሩ ጋር የሚጣበቀው ክፍል «ኤል 3» ተባለ። ከጠቅላላው ኤ ኤፍ ፒ ከ10 ከመቶ በላይ ከሆነ ዕጢው ክፉ ጠባይ እንዳለው፣ ወደ ደም ሥር የመግባት ዝንባሌ እንዳለው ያሳስባል። ከቀዶው በኋላም ከፍ ብሎ ከቀጠለ ምልክቱ ጥሩ አይደለም።

ሁለተኛው ረዳት ፒቭካ ይባላል። ጉበት ደም እንዲረጋ የሚረዳ ፕሮትሮምቢን የተባለ ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲኑ ሥራውን እንዲችል በቫይታሚን ኬ አማካይነት መጨረሻ ላይ መስተካከል አለበት። የካንሰር ሕዋስ ይህን የመጨረሻ ሥራ ይዘለዋል። ያልተስተካከለው ፕሮቲን ደም ውስጥ ይንሳፈፋል፤ እሱ ነው ፒቭካ። ከጉበት ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከቀዶው በፊት በጣም ከፍ ካለ ዕጢው በማይክሮስኮፕ ብቻ ወደሚታዩ የደም ሥሮች ገብቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቶሎ የሚመለሰውን ዓይነት አስቀድሞ በመጠቆም ጎበዝ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። ለልብ ሕመም ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካንሰር ሳይኖርበትም ፒቭካው ይጨምራል፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በማገድ ነውና። ሐሞቱ የተዘጋበት ሰውም እንዲሁ። ዋርፋሪን የምትወስዱ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ።

ወደ ዕጢው ራሱ እንምጣ። ተቆርጦ የወጣው ሥጋ በፎርማሊን ተይዞ ናሙና ወደሚመረመርበት ፓቶሎጂ ክፍል ይሄዳል። በሰም ውስጥ ይደፈናል። ከፀጉር በሚቀጥን ስስ ልጥ ይቆረጣል። መስታወት ላይ ይደረጋል። ከዚያ አንድን ፕሮቲን ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመርበታል። ፕሮቲኑ ካለ ቡናማ ቀለም ይወጣል። ከሚፈለጉት አንዱ ሲኬ 19 ነው። ሲኬ 19 የሐሞት ቱቦ ፕሮቲን ነው፤ የበሰለ የጉበት ሕዋስ የለውም። ከዕጢው ሕዋሳት ከ5 ከመቶ በላይ ቡናማ ከሆኑ ካንሰሩ የመመለስና የመዛመት ዕድሉ ይጨምራል። ሌላው ኪ 67 ነው። ስሙን ያገኘው ከጀርመኗ የኪል ከተማ ነው፤ 67 የተገኘበት የላቦራቶሪ ሳህን ጉድጓድ ቁጥር ነበር። ሕዋስ በመከፋፈል ላይ ሲሆን ብቻ ይታያል። መስታወቱ ላይ ቡናማ የሕዋስ አስኳሎች (ኒውክለሶች) ከበዙ ዕጢው በፍጥነት እያደገ ነው።

ፒ 53ን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ሕዋስን ከካንሰር የሚጠብቅ ፕሮቲን ነው። በእርጥበት የሻገተ ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ የፒ 53ን ዘረመል አንድ የታወቀ ቦታ ላይ ይመታል፤ 249ኛው ኮዶን (የሦስት ፊደል ቃል) ላይ። ዕጢው ውስጥ ይህ ለውጥ ከተገኘ የመርዙ አሻራ ነው። ከመተማ እስከ ደምቢያ እህል በጎተራ ለሚያስቀምጥ ቤተሰብ ይህ ጉዳይ ከላቦራቶሪ ውጭም ትርጉም አለው። እህሉ ሳይደርቅ ጎተራ አይግባ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚንቀው ፕሮቲን ልምጣ። አልቡሚን። ካንሰሩ አይሠራውም፤ ጤነኛው የጉበት ክፍል ነው የሚሠራው። መደበኛው መጠን ከ3.5 እስከ 5 ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ሲወርድ እግር ያብጣል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሐኪሞች አልቡሚንንና ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውን ቢሊሩቢንን አንድ ላይ አስልተው የጉበትን አቅም በ3 ደረጃ ይመድባሉ። ስሌቱ ታካሚው ቀዶውን ይችል እንደሆነ፣ ከዚያም ምን ያህል ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ኤ ኤፍ ፒ ላይ ነው። እኔ ግን አንድ ሰው ቀዶ የተደረገለት ዘመዱን ውጤት ቢያሳየኝ መጀመሪያ አልቡሚኑን ነው የማየው። ርካሽ ነው፣ የተለመደ ነው፣ ስለ ቀሪው ጉበት በቀጥታ ይናገራል።

ቀሪውን ጉበት ከሚያበላሹት ዋናው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው ዕጢው ከወጣለት በኋላ ቴኖፎቪርን የመሰለ መድኃኒት በየቀኑ ከወሰደ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 የሄፓታይተስ ቢን ክትባት በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ አስገብታለች፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ዛሬ የሚታመሙት አዋቂዎች ግን ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። በጣና ዳር፣ በጎርጎራ አካባቢ ያለው ቢልሃርዝያም ጉበት ላይ ጠባሳ ይፈጥራል፤ ቀዶ ሐኪሙ ይህን ታሪክ ማወቅ አለበት።

ጎንደር የሕክምና ከተማ የሆነችው በሌላ ሕመም ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ጨረሰ። በዓመቱ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመጣው ከእሱ ነው። ዛሬም ከቆላ ድባ፣ ከመተማ፣ ከሳንጃ ሰው ይመጣል። ከጉበት ቀዶ በኋላ ክትትሉ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 ወይም በየ4 ወሩ ነው። ለገበሬ ይህ ከባድ ነው። መኸር ላይ ማን ይመጣል? እዚህ ላይ የደም ጠቋሚዎች አንድ ጥቅም አላቸው። ከደም ሕዋሳት የተለየው የደም ውኃ ቀዝቃዛ ቦታ ከተያዘ ለቀናት ሳይበላሽ ይጓዛል። ሰውየው ሩቅ ቢሆንም ደሙ ሊመጣ ይችላል። አልትራሳውንድ ግን ሰውየውን ራሱን ይፈልጋል፤ በደም ብቻ ክትትል አይሞላም።

ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የሚጻፍለት ሰው ፌስታሉ ውስጥ ከውጤት ወረቀቶቹ ጋር አንድ ነገር ይጨምር። የፓቶሎጂ ክፍሉን የዕጢውን ሰም ወይም መስታወቶቹን ይጠይቅ። በሰም የተደፈነ ዕጢ ለዓመታት ይቆያል። አዲሱ ሐኪም ሲኬ 19ን ማየት ቢፈልግ ከዚያው ሰም ላይ ሌላ ስስ ልጥ ይቆርጣል፤ በሽተኛው ሁለተኛ በመርፌ አይወጋም።