ብርቱካንና ውርጭ፤ የፍሎሪዳ ተሞክሮ

ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ግሬፕፍሩትና ሎሚ የሞቃት አገር ዛፎች ናቸው። እንደ ፖምና ኮክ ብርድ ሲገባ ቅጠላቸውን አራግፈው አያንቀላፉም፤ ውርጩ ከነቅጠላቸው፣ ብዙ ጊዜም ከነፍሬያቸው ያገኛቸዋል። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ገበሬዎች ይህን የተማሩት በከባድ ዋጋ ነው።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1894 በኦርላንዶ ከተማ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደረሰ። ፍሬው ጠፋ፣ ቅጠሉ ረገፈ፤ አብዛኛው ዛፍ ግን አልሞተም ነበር። የጃንዋሪ ወር ሞቅ አለና ዛፎቹ ለምለም ቡቃያ አወጡ። ፌብሩዋሪ 1895 ሁለተኛው ውርጭ የመጣው በዚያ ሰዓት ነው። ውሃ የሞላው ግንድ ተሰነጠቀ፣ ዛፎቹ እስከ መሬት ድረስ ደረቁ። 5 ሚሊዮን ሣጥን ገደማ ይደርስ የነበረው የግዛቲቱ ምርት በቀጣዩ ወቅት ከ200 ሺህ ሣጥን በታች ወረደ፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስም ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከቅዝቃዜው ይልቅ የሚከብድብኝ ያ መካከል ላይ የገባው ሞቃት ወር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983፣ በ1985 እና በ1989 የተከታተሉት ውርጮች ደግሞ የማዕከላዊ ፍሎሪዳን የብርቱካን እርሻ ወደ ደቡብ ገፉት፤ ብዙው ማሳ የመኖሪያ ሰፈር ሆነ።

ውርጭ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛውን የእኛ ደጋ ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ያውቀዋል፤ ሰማዩ በጠራበት፣ ነፋስ ጸጥ ባለበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ትለቃለች፣ ቀዝቃዛው አየር ወደ ረባዳው ይወርዳል፣ ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። ከመሬት ከፍ ብሎ ያለው አየር ያን ጊዜ ሞቅ ያለ ስለሆነ፣ በካሊፎርኒያ በረጅም ምሰሶ ላይ የሚሽከረከሩ ማራገቢያዎች ወደ ዛፎቹ ያወርዱታል። ሁለተኛው ከሰሜን በነፋስ የሚነዳው ነው፤ ለእርሱ ማራገቢያ አይረዳም።

ብርቱካን ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ለአራት ሰዓት ከቆየበት ፍሬው ውስጥ በረዶ ይሠራል። ሎሚ ከዚያም ፈጥኖ ይጎዳል፤ ሳትሱማ የሚባለው መንደሪን ግን ብርድ ቻይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የፍሎሪዳ ገበሬ ዋና መከታ በየዛፉ ሥር የሚተከል ትንሽ የውሃ መርጫ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን በግራም 80 ካሎሪ ያህል ሙቀት ይለቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ግንዱ ላይ እየተረጨ የሚረጋው ውሃም ግንዱን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያቆየዋል። ንጋት ላይ የግንዱ ታች ወፍራም የበረዶ ካባ ደርቦ ይታያል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው እንጨት ግን ሕያው ነው። ፓምፑ እኩለ ሌሊት ላይ ከቆመ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ሲረጋ ከሚሰጠው ሰባት እጥፍ ይበልጣልና እርጥቡ ዛፍ ከደረቁ የባሰ ይቀዘቅዛል። በረዶው መቅለጥ እስኪጀምር ውሃው አይዘጋም። ውሃ የሌለው ሰው በችግኙ ግንድ ዙሪያ አፈር ይቆልላል፣ ብርዱ ሲያልፍም ይንደዋል።

ውርጩ ካለፈ በኋላ የሚሠራው ትልቁ ስህተት መቀስ ይዞ መሮጥ ነው። ጉዳቱ የት ድረስ እንደወረደ ለወራት አይለይም። ቅጠሉ ደርቆ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ቅርንጫፉ ሞቷል፤ ከረገፈ ተስፋ አለው። ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ ሲያደርጉት አረንጓዴ ከታየ እዚያ ቦታ ላይ ሕይወት አለ። አዲሱ ቡቃያ ወጥቶ እስኪጠነክር መግረዝ አያስፈልግም፤ ቅጠል የሌለው ዛፍ ብዙ ውሃ አይጠጣምና ውሃውም ይቀነስለታል፣ ማዳበሪያውም ቡቃያውን ይጠብቃል። ጥላውን ያጣውን ግንድ ፀሐይ እንዳያቃጥለው በውሃ የቀጠነ ነጭ ቀለም ይቀባል።

ቡቃያው ሲመጣ ከየት እንደወጣ ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ብዙው ብርቱካን የሌላ ጠንካራ ዛፍ ሥር ላይ ተጣብቆ የተዳቀለ ነው። ከተዳቀለበት ቦታ በላይ የወጣው የራሱ የብርቱካኑ ነው። ከታች የወጣው፣ በተለይ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ከሆነ፣ የሥሩ ዛፍ ነው፤ ፍሬውም መራራ ስለሆነ ገና ለጋ ሳለ በእጅ ይነቀላል።