የጀርመን ቅኝ ግዛት፦ የሚባለውና እውነታው

ጀርመን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በአፍሪካ ስለነበራት ግዛት ሲወራ አንዳንድ ስህተቶች ደጋግመው ይሰማሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«አፍሪካ የተከፋፈለችው በበርሊን ጉባኤ፣ ካርታ ላይ በማስመሪያ ነው።»

ከኖቬምበር 1884 እስከ ፌብሩዋሪ 1885 የተካሄደው ጉባኤ የተፈራረመው ሰነድ ሌላ ነው የሚለው። የሚያወራው በኮንጎ ተፋሰስ ስለ ነጻ ንግድ፣ በኮንጎና በኒጀር ወንዞች ስለ መርከብ ጉዞ፣ የባሕር ዳርቻ የያዘ መንግሥትም ለሌሎቹ ማስታወቅ እንዳለበት ነው። አብዛኞቹ ድንበሮች የተሰመሩት በኋላ፣ መንግሥታቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተዋዋሏቸው ውሎች ነው። ጀርመን ራሷ ቶጎን፣ ካሜሩንንና ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን (የዛሬዋን ናሚቢያ) «ጥበቃዬ ሥር ናቸው» ያለችው ጉባኤው ከመከፈቱ ከወራት በፊት ነበር።

«መሬቱን በውል ገዝተውታል።»

አንዱን ውል ቀረብ ብለን እንየው። በ1883 የብሬመኑ ነጋዴ አዶልፍ ሉደሪትስ በዛሬዋ ናሚቢያ ከናማ ሕዝብ አለቃ ከዮሴፍ ፍሬደሪክስ የባሕር ዳርቻ መሬት በ500 ፓውንድና በ60 ጠመንጃ ገዛ። ውሉ መሬቱ ከባሕሩ ወደ ውስጥ 20 «ጂኦግራፊያዊ ማይል» ይዘልቃል ይላል። አለቃው የሚያውቀው የእንግሊዝን ማይል ነው፤ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ። የጀርመኑ ግን 7.4 ኪሎ ሜትር ነው። 32 ኪሎ ሜትር የሸጠ የመሰለው ሰው 148 ኪሎ ሜትር ሸጦ ተገኘ፤ የሕዝቡ መሬት አብዛኛው አብሮ ሄደ። ሉደሪትስ ልዩነቱን እያወቀ ዝም ብሏልና ነገሩ ማጭበርበር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

«ጀርመን የበለጸገችው በቅኝ ግዛቶቿ ነው።»

በጦርነቱ ዋዜማ ከቅኝ ግዛቶቿ ጋር የነበራት ንግድ ከውጭ ንግዷ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ገንዘቡ የሚመጣው ብረት፣ ኬሚካልና የኤሌክትሪክ ዕቃ በመሸጥ ነው፤ ገዢዎቹም በዋናነት የአውሮፓ አገሮች ነበሩ። ከአገሩ የሚወጣው ጀርመናዊም የሚጎርፈው ወደ አሜሪካ ነበር፤ በ1880ዎቹ ብቻ ከሚሊዮን በላይ ሰው ሄዷል። ለንግድ ግዛት መያዝ ግድ እንዳልነበረም በ1905 ከአፄ ምኒልክ ጋር የተፈራረመችው የወዳጅነትና የንግድ ውል ያሳያል።

«አጭር ጊዜ ስለቆየ ጉዳቱም ቀላል ነበር።»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። በኦገስት 1904 በዚያው በዛሬዋ ናሚቢያ፣ ከዋተርበርግ ውጊያ በኋላ የጀርመኑ ጀኔራል ፎን ትሮታ ጦር በጀርመን አገዛዝ ላይ ያመጹትን የአገሩን ሕዝብ ሄሬሮዎችን ወደ ኦማሄኬ በረሃ ገፍቶ ወደ ውሃ የሚመለሱበትን መንገድ ዘጋ። ኦክቶበር 2 ደግሞ ጀኔራሉ መሣሪያ ያዘም አልያዘም በግዛቱ የተገኘ ሄሬሮ ሁሉ እንዲተኮስበት አዘዘ። የዘር ማጥፋት ነው፤ የጀርመን መንግሥትም በ2021 በዚሁ ስም ጠርቶታል።

«የማጂ ማጂ አመጽ የጥንቆላ ውጤት ነው።»

በ1905 በዛሬዋ ታንዛኒያ የተነሱት ተዋጊዎች ጥይትን ውሃ ያደርጋል የተባለ ጠበል መሰል መድኃኒት መውሰዳቸው እውነት ነው። ያስነሳቸው ግን ጥጥ ነው። ሰው የራሱን ማሳ ትቶ በመንደሩ የጋራ እርሻ ላይ ጥጥ እንዲያለማ ይገደድ ነበር፤ የሚደርሰው ክፍያ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ እምቢ ያለም ይገረፋል። መድኃኒቱ በየቋንቋው ተለያይቶ የሚኖረውን ሕዝብ አንድ ላይ አቆመ እንጂ ብሶቱን አልፈጠረም። ጀርመኖችም አመጹን የሰበሩት በመትረየስ ብቻ አይደለም፤ ሰብሉንና ጎተራውን ሆን ብለው አቃጠሉ። የሟቾቹ ግምት ከ75 ሺህ እስከ 300 ሺህ ይደርሳል፤ አብዛኛውን የጨረሰው ረሃቡ ነው።