የስኳር ካልሲ ምንድን ነው? ገንዘብስ ይወጣበታል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ዐረብ አገር ልጅ ያላቸው እናቶች ብዙ ናቸው። እናቷ ስኳር እንዳለባት የሰማች ልጅ ደግሞ ዝም አትልም። «እማዬ፣ የስኳር ካልሲ የሚባል አለ፤ ልላክልሽ?» ትላለች። ዋጋውን ስትሰማ እናት ትደነግጣለች። በዚያ ገንዘብ ስንት ካልሲ ይገዛ ነበር!

ስሙ መድኃኒት ያስመስለዋል እንጂ ካልሲው ስኳር አይቀንስም፣ ቁስልም አያድንም። እግር እንዳይጎዳ ታስቦ የተሠራ ካልሲ ነው፣ በቃ። የአፉ ላስቲክ አያጠብቅም። ጣቶች ጋ ያለው ስፌት ወይ የለም ወይ ጠፍጣፋ ነው። ላብ አያጠራቅምም። አንዳንዱ ከሥሩ ወፈር ይላል። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ቢሆን ይመረጣል፤ ደም ወይም መግል ሲነካው ወዲያው ያሳብቃል።

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግር ነርቮችን ይጎዳል። አንዳንዱን ሰው ያቃጥለዋል፣ ይወረዋል፣ ይደነዝዘዋል። ሌላው ግን ምንም ሳይታወቀው ነው የእግሩ ስሜት የሚጠፋው። ከዚያ በኋላ የካልሲ ስፌት ጣቱን ቀኑን ሙሉ ሲፈትገው ቢውል አያውቅም። ስሜት ያለው ሰው እኮ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ያስተካክለው ነበር። በዚያ ላይ ወደ እግር የሚደርሰው ደም ካነሰ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ኢንፌክሽን ይገባበታል። እግር እስከ መቆረጥ የሚያደርሰው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለች ትንሽ ቁስል ነው።

ስለዚህ ካልሲ ከመግዛት በፊት እግሩ ይሰማው እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። ቤት ውስጥ የሚሞከር ቀላል መንገድ አለ። ታማሚው ዓይኑን ይጨፍን። ሌላ ሰው በሁለቱም እግር የአውራ ጣቱን፣ የመሃል ጣቱንና የትንሿን ጣት ጫፍ ለአንድ ሁለት ሰከንድ በስሱ ይንካ። መጫን የለም፣ ማሸት የለም። ከ6ቱ ንክኪ 2ቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው ሐኪም ይየው። ሁሉም የተሰማው፣ ቆስሎ የማያውቅና የደም ዝውውሩም ደህና የሆነ ሰው ልኩ የሆነ ተራ ካልሲ ይበቃዋል። ስሜቱ ለቀነሰ፣ ጣቱ ለተጣመመ ወይም ቀድሞ ቆስሎ ለዳነ ግን ስፌት የለሽ ካልሲ ቢያገኝ ጥሩ ነው። ልጅ ከላከች እሰየው። ሆኖም ካልሲ ብቻውን ቁስል እንደሚከላከል የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። የብር ወይም የመዳብ ክር አለበት ተብሎ ዋጋው ለሚሰቀለውማ እኔ ብሆን ሳንቲም አልጨምርም።

ፒያሳ ከሚሸጠው ተራ ካልሲም ጥሩ መምረጥ ይቻላል። አፉን ዘርጋ አድርጎ ማየት ነው። ማታ ሲወልቅ እግሩ ላይ የላስቲክ ቀለበት አትሞ ከሄደ ጠባብ ነው። ስፌቱ ወፍራም ከሆነ ገልብጦ፣ የውስጡን ወደ ውጭ አድርጎ መልበስ። ሰው ቢስቅ ይሳቅ፤ ጫማ ውስጥ ማን ያየዋል? ተቀዶ በመርፌ የተሰፋ ካልሲ ግን ይቅር፤ የተሰፋበት ቦታ ይጎረብጣል።

አየሩም ለውጥ አለው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱን የምታውቁት ነው። ሰው ሁለት ካልሲ ይደርብና ጫማው ይጠበዋል። አንድ ሞቅ ያለ የሱፍ ካልሲ ይሻላል። ስሜቱ የጠፋ እግር ከሰል ማንደጃ አጠገብ አይሙቅ፤ እየተቃጠለም አያውቅም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ደግሞ ችግሩ ላብ ይሆናል። ንጹህ ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ግን እርጥቡን ይዞ ይቆያል፤ ከሰው ሠራሽ ክር ጋር የተቀላቀለው ቶሎ ይደርቃል። የትም ቢሆን ካልሲ በየቀኑ ይቀየራል።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ለእግር እብጠት የሚሸጥ፣ አጥብቆ የሚይዝ ረጅም ካልሲ አለ። ከስኳር ካልሲ ጋር አንድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ደም በደንብ በማይደርሰው እግር ላይ ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም ሳያዝ አይለበስም።

ጫማ በር ላይ አውልቆ የመግባት ልማዳችን ጥሩ ነው፤ ስሜት ለሌለው እግር ግን ቤት ውስጥ የሚደረግ፣ ሥሩ ጠንከር ያለ ጫማ ይቀመጥለት። ካልሲ ከስባሪ ብርጭቆም ከመርፌም አያድንም። ሶላት የሚሰግድ ሰው ለውዱእ እግሩን ሲያጥብ በዚያው ሊያየው ይችላል፤ ጣቶቹ መሃል በደንብ ይድረቅ። የውስጥ እግሩን ማየት ካቃተው መስተዋት መሬት ላይ ያስቀምጥ ወይም ልጅ ይይለት።

ልጅቷ ብትጠይቀኝ፣ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ጣት የማይጨቁን ሰፊ ጫማ ግዢላት እላታለሁ። ጫማው ከመጠለቁ በፊት በእጅ ይዳሰስ፤ ጠጠር ይኖራል። እግሯ ላይ ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ ነገር፣ ቅላት ወይም ጥቁረት ከታየ ግን ካልሲውም ጫማውም ይቆይ፣ ሕመም ባይኖረውም እንኳ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትሂድ።