«ለልጅ ነው እንጂ ምን ያስቸግራል?» ስለ ሥዕል መጽሐፍ ሥራ የሚባለውና እውነታው

ባሕር ዳር፣ ባጃጅ ውስጥ ነኝ። ሾፌሩ ጭኔ ላይ ያለውን ካርቶን አይቶ «ምንድነው የምትሸጭው?» አለኝ። የልጆች መጽሐፍ ነው፣ ጽሑፉንም ሥዕሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩት። «ለልጅ ነው እንጂ ምን ያስቸግራል?» ብሎ ሳቀ። አልፈረድኩበትም። ደብረ ማርቆስም ብሄድ፣ የተወለድኩባት ቢቸናም ብሄድ ይህችኑ ነው የምሰማት። ሌሎችም አሉ። ባጃጅ ውስጥ ጊዜ ስላጣሁ እዚህ ልመልስ።

«አጭር ስለሆነ በሳምንት ያልቃል»

አጭርነቱስ ልክ ነው። የሥዕል መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሺህ ቃል አይበልጥም። የኔ የመጨረሻው አራት መቶም አይሞላ። ረቂቁ ግን የዚያ ሦስት እጥፍ ነበር። ከመጻፉ ይልቅ መሰረዙ ነው ጊዜ የበላኝ።

ከዚያ ደግሞ የገጽ ጣጣ አለ። በዓለም ላይ ብዙዎቹ የሥዕል መጽሐፎች 32 ገጽ ናቸው። ምክንያቱ ወረቀት ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለት በኩል ታትሞ ሲታጣጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ ሁለት ወረቀት 32። እኛ ጋ ገንዘብ ሲያጥር 16 ወይም 24 ይሆናል። መሐሉ በሽቦ የሚያዝ ከሆነ የገጹ ቁጥር ለአራት መካፈል አለበት። 18 ገጽ ልሥራ ብትሉ አይሆንም።

ከ32ቱ ለርዕስና ለአሳታሚ መረጃ የሚሆነው ሲነሣ፣ ትይዩ የሆኑ 14 ጥንድ ገጾች ይቀራሉ። ታሪኩ ሁሉ እዚያ ይገባል። ትልቁ ጥያቄ ልጁ ገጹን የሚገልጠው የቱ ጋ ደርሶ ነው የሚለው ነው። ይህን ከአያቴ በላይ ያስተማረኝ የለም። «ተረት ተረት» ትላለች፣ «የላም በረት» እንላለን። አያ ጅቦ በሩን ሊገፋ ሲል ዝም። እሳቱን ትቆሰቁሳለች። «እህ፣ ከዚያስ?» እስክንል ትንፍሽ አትልም። መጽሐፍ ውስጥ ገጽ መግለጥ ማለት ያቺ ዝምታ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ ተራ ወረቀት አጥፌ ባዶ መጽሐፍ እሠራለሁ። በእርሳስ እሞነጫጭርበታለሁ፣ እየገለጥኩ ለራሴ አነባለሁ፣ ቀድጄ እንደገና እጀምራለሁ። ቀለም ሳልነካ ወራት ያልፋሉ።

«ሥዕሉ ለማሳመሪያ ነው»

ይህችኛዋ ታናድደኛለች። ጽሑፉ «አህያዋ ሮጠች» ብሎ ሥዕሉም የምትሮጥ አህያ ብቻ ካሳየ፣ ከሁለቱ አንዱ ሥራ ፈት ነው። የኔ መጽሐፍ ላይ ጅቡ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ጽሑፉ «አህያዋ ምንም አልፈራችም» ይላል። ሥዕሉ ላይ ግን ጆሮዋ ወደ ኋላ ተለጥፏል፣ ጉልበቷ ተብረክርኳል፣ ጭራዋ እግሮቿ መሐል ገብቷል። ማንበብ የማይችለው ልጅ በሳቅ ይፈርሳል። ፊደሉን እየተከተለ የሚያነብለት አባት ምን እንዳሳቀው ግራ ይገባዋል። የዋሸራን ቅኔ ለሚያውቅ የጎጃም ሰው ይህን ማብራራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንዱ የሚለውን ሌላው ደብቆት፣ ነገሩ የሚገኘው ሁለቱ ሲገጥሙ ነው።

ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ ያየ ሰውም ያውቀዋል። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ታሪክ ነው። በድሮ ሠዓሊዎቻችን ልማድ ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉው በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ማን ምን እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። እኔም ይህንን ሰረቅኩ። ጅቤን ዘጠኝ ገጽ ሙሉ በጎን ሣልኩት። መጨረሻ ላይ፣ ተታሎ ሲያሳዝን፣ ሁለተኛ ዓይኑን ሰጠሁት።

«አንድ ሰው መጻፍም መሣልም? የፈረንጅ ነገር ነው»

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ልብ ወለዱን ያሳተመው ይህ ሰው፣ ጣሊያን አገር ሥዕል የተማረ ሠዓሊም ነበር። (በኋላ ከጣሊያኖቹ ጋር የገባበት ጣጣ ሌላ ወሬ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።) ተረት ለትልቅ ደራሲ ያንሳል የምትሉ ደግሞ፣ የኛው ሀዲስ ዓለማየሁ ከታላቁ ልብ ወለዳቸው ዓመታት ቀድመው የተረት መጽሐፍ ማሳተማቸውን አስታውሱ።

«ደራሲና ሠዓሊ ሁልጊዜ አብረው ቁጭ ብለው ነው የሚሠሩት»

ውጭ አገር ትልልቅ አሳታሚዎች ሠዓሊውን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ ሁለቱ ሳይተያዩ መጽሐፉ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ ግን የምጣላው ከራሴ ጋር ነው።

«አሁንማ ኮምፒውተር ይሥለዋል»

እኔም በታብሌት እሥላለሁ፤ እጁ ግን ያው የኔ እጅ ነው። ደግሞ ስክሪን ያታልላል። ስክሪን ቀለም የሚሠራው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ነው። ማተሚያው ያለው ሲያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ የለም። ይህን በገንዘቤ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያው መጽሐፌ ላይ የነሐሴ ጤፍ ሣልኩ። ታትሞ ሲመጣ የኅዳር ጤፍ ሆኗል። ልጣላ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ለካ የሙከራውን ቅጂ ሳላይ «ይታተም» ብዬ የፈረምኩት እኔው ነኝ።

«ተረቱ የሕዝብ ነው፤ ብናባዛው ምን አለበት?»

ተረቱ የሁላችንም ነው። ማንም በራሱ አፍ ይንገረው፣ በራሱ እጅ ይሣለው። የኔ አጻጻፍና የኔ ሥዕል ግን የኔ ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሁለቱንም ይጠብቃል፤ የኢኮኖሚ መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። አንድ ትምህርት ቤት መጽሐፌን በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ አባዝቶ ለወላጆች ሲሸጥ አገኘሁት። ርእሰ መምህሩ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ስምሽን አላጠፋነውም እኮ!»

ገንዘቡንማ ተዉት። ውጭ አገር ደራሲ ከሽያጩ መቶኛ ያገኛል፤ ሠዓሊ ካለ ይካፈሉታል። እኛ ጋ ብዙዎቻችን በራሳችን ገንዘብ አሳትመን በካርቶን ይዘን እንዞራለን። ባጃጅ ውስጥ ያገኛችሁኝም ለዚህ ነው።

«ልጆች ስህተት አያዩም»

ይህን የሚል ሰው ለልጆች አንብቦ አያውቅም። ዳንግላ፣ አንድ ክፍል ውስጥ የአህያዋን ታሪክ አንብቤ ስጨርስ ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ገመዱን ማን ፈታው?»

ገልጬ አየሁ። ገጽ 14 ላይ አህያዋ ግቢው ውስጥ ካለ ግንድ ጋር ታስራለች። ገጽ 16 ላይ ሜዳ ለሜዳ ትጋልባለች። አንገቷ ላይ ገመድ የለም። ጽሑፉም ስለ ገመድ ያለው ነገር የለም። እኔም፣ ረቂቁን ያነበቡልኝ ጓደኞቼም፣ ማንም አላየነውም።

«እንጃ፣ አንቺ ማን ይመስልሻል?» አልኳት። ዘዴዬ ገብቷታል። ቅር እያላት ቁጭ አለች።

በሁለተኛው እትም ገጽ 14 ላይ፣ ከግንዱ ሥር፣ አንዲት አይጥ አለች። ጽሑፉ አያነሳትም። ገመድ ታኝካለች።