በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የኢትዮጵያውያን የቤት ቋንቋና የእንግሊዝኛ ችሎታ

ዲሲ፣ የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከአፍሪካ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች መካከል ናቸው። የሕዝቡ ቁጥር ግን ያከራክራል። ማኅበረሰቡ የሚጠራው ቁጥር መንግሥት ከሚያወጣው በብዙ ይበልጣል። እዚያው የተወለዱት ልጆች በትውልድ አገር ቆጠራ አለመግባታቸው ልዩነቱን በከፊል ሳያስረዳ አይቀርም።

ከ1974ቱ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አብዮት በፊት የነበሩት በአብዛኛው ተማሪዎችና ዲፕሎማቶች ነበሩ። ከዚያ ስደተኛው መጣ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ዲቪ።

በየቤቱ በብዛት የሚሰማው አማርኛ ነው። ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ጉራጊኛ የሚነገርባቸው ቤቶችም አሉ። ሁለት ቋንቋ የሚነገርበት ቤትም ብርቅ አይደለም።

መረጃው የሚገኘው የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ በየዓመቱ ከሚያካሂደው ጥናት ነው። መጠይቁ ዕድሜው 5 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ቤት ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ይናገር እንደሆነ ይጠይቃል። አዎ ካለ፣ የትኛውን? እንግሊዝኛስ እንዴት ነው? ምርጫው አራት ነው፦ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ጥሩ አይደለም፣ ጭራሽ አልችልም። «በጣም ጥሩ» ካላለ፣ «ጥሩ» ያለውም ጭምር፣ ችሎታው ውስን ነው ተብሎ ይቆጠራል።

ፈተና የለውም፤ ሰው ራሱን ነው የሚመዝነው። የእኛ ሰው ደግሞ በራሱ አፍ «በጣም ጥሩ ነኝ» ማለት ይከብደዋል። አገር ቤት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ፣ መጽሐፍ አንብቦ የሚጨርስ ሰው «ጥሩ» ላይ ምልክት ቢያደርግ አይገርምም። ያኔ የልጅ ልጅ ልታሳድግ መጥታ እንግሊዝኛ ከማታውቅ አያት ጋር እኩል ይመደባል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በዋናዎቹ የቋንቋ ሰንጠረዦች አማርኛ ከሶማሊኛና ከሌሎች ጋር አንድ ላይ ተጠቃሏል። ለብቻው ለማግኘት ጥሬ መረጃውን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ያም ሆኖ አማርኛ በዲሲ የሚያኮራ ቦታ አለው። በ2004 በወጣው የከተማዋ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ። ከሚያገለግሉት ሕዝብ 3 በመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ እንግሊዝኛው ውስን ሆኖ አንድን ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶችን ይተረጉማሉ። ሕጉ በተግባር ትኩረት ከሚሰጣቸው ቋንቋዎች አማርኛ ከስፓኒሽና ከቻይንኛ ጎን ተሰልፏል። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው አስተርጓሚ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ካርድ ያሳያል። ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ሐኪም ፊት ማስተርጎም ለነበረበት ወላጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የምርጫ ሰነዶች በሌሎች ቋንቋዎችም እንዲቀርቡ የሚያዘው የፌዴራሉ የምርጫ ሕግ ግን የአፍሪካ ቋንቋዎችን አያካትትም።

እዚያ የተወለዱት ልጆች አብዛኞቹ አማርኛ ይሰማሉ፤ መልሳቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እናት «ራትህን ብላ» ስትል ልጁ «ኦኬ፣ ዋን ሚኒት» ይላል። ቤተ ክርስቲያናት በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጥራሉ። እንዲህ ያለው ልጅ አማርኛ ተናጋሪ ይባል አይባል የሚወስነው ቅጹን የሚሞላው ወላጅ ነው።