የድራግ ቴስት ላብራቶሪ ሥራ፦ የሚባለውና እውነቱ

«ልጄ፣ የሰው ሽንት ልታሸት ነው አሜሪካ የሄድከው?» አለችኝ እናቴ፣ ሥራ ገባሁ ብዬ የደወልኩላት ቀን። እሷ ብትስቅም ሐበሻው ግን ከምሩ የሚያምነው ነገር ብዙ ነው።

«ሥራው ሽንት ነው።» የጀማሪ ሥራ ከሽንቱ ይልቅ ከቁጥር ጋር ነው። ዕፅ መውሰድ አለመውሰዳቸው የሚመረመር ሰዎች የሽንት ናሙና ማታ በመኪና ይገባል። ከረጢቱን እከፍታለሁ፣ ማሸጊያው አለመነካቱን አያለሁ፣ የፎርሙን ቁጥር ከጠርሙሱ ቁጥር ጋር አንድ በአንድ አነባለሁ። ከከባድ መኪና ሾፌር የሚመጣው ናሙና ሁለት ጠርሙስ ነው፤ አንዱ 30፣ ሌላው 15 ሚሊ ሊትር። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ ናሙናው ሳይመረመር ይጣላል፤ ያ ሰው የደከመበት ሁሉ ከንቱ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ 6 እና 8 መንታ ይመስላሉ።

«ዲግሪ ከሌለህ አትገባም።» ለመረከቡ ሥራ ብዙ ቦታ ሃይስኩል ይበቃል። ውጤት አጽድቆ ለመፈረም ነው ዲግሪ የሚጠየቀው።

«የማን እንደሆነ ታያላችሁ።» «ወንድሜ ነገ ይመረመራል፣ እስኪ እይልኝ» የሚል ስልክ ስንቴ መጣ! ለሾፌሮች ምርመራ ከሚሞላው ፎርም ላብራቶሪው ጋ የሚደርሰው ቅጂ የሰውየው ስም የለበትም። ብፈልግም አላገኘውም።

«ማሽኑ ፖዘቲቭ ካለ አለቀ።» አላለቀም። ማሪዋና በመጀመሪያው ምርመራ በሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም ከደረሰ፣ ከዚያው ጠርሙስ እንደገና ተቀድቶ በማስ ስፔክትሮሜትሪ (ንጥረ ነገሩን በሞለኪውሉ ክብደት በሚለይ ማሽን) ይረጋገጣል፤ እዚያ መስፈርቱ 15 ነው። ከዚያም ሐኪም ሰውየው ጋ ደውሎ የታዘዘለት መድኃኒት እንዳለ ይጠይቃል። የሞርፊን መስፈርት ራሱ በ1998 እ.ኤ.አ. ከ300 ወደ 2,000 የተነሳው፣ የፖፒ (ሞርፊን የሚወጣበት ተክል) ፍሬ ያለበት ዳቦ የበላ ሰው እየተያዘ ስላስቸገረ ነው።

«ውሃ በብዛት ከጠጡ ያመልጣሉ።» ክሬአቲኒን (ሰውነት በሽንት የሚያስወጣው ቆሻሻ) ስለሚለካ የቀጠነ ሽንት ይታወቃል፤ ውጤቱም «ዳይሉት» ተብሎ ይጻፋል። የሰው ሽንት ሊሆን እስከማይችል ከቀጠነማ አልመረመርም እንደ ማለት ይቆጠራል፣ እሱ ከፖዘቲቭ አይሻልም።

«ጫት አይያዝም።» ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው። የሾፌሮቹ መደበኛ ምርመራ ካቲኖንን፣ ማለትም ጫት ውስጥ ያለውን አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ አይፈልግም። ግን በአሜሪካ ሕግ ካቲኖን ከሄሮይን ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነው ያለው፣ የግል ቀጣሪም ሰፋ ያለ ምርመራ ማዘዝ ይችላል። ይህን ለወንድሙ ብሎ ከደወሉልኝ ለአንዱ ነግሬዋለሁ፤ ስልኩን ዘጋብኝ።